ጊቤ የማይደርስበት ባሕር

በሐድያ ዞን የጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሆመቾ ለባሕር ወሬ የምትመች ከተማ አትመስልም። በእንሰት የተከበቡ ቤቶች፣ በገበያ ቀን የሚጨናነቅ መንገድ፣ ከወደ ሆሳዕና የሚመጣ የመኪና ጥሩንባ ይታይባታል፤ ይሰማባታልም እንጂ መልሕቅና የመርከብ ፉጨት የሚታሰብባት አይደለችም። የሆነ ሆኖ በዚያ በኩል ባለፍንበት አንድ እሑድ ከቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ስንጨዋወት፣ ነገራችን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከባሕር ላይ ወደቀ።

ነገሩን ያነሣው የ12ኛ ክፍል ፈተናውን የሚጠባበቅ አንድ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ባሕር ኃይል ገብቼ የመርከብ መካኒክ ለመሆን እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ባሕር ለሌለው አገር ባሕረኛ መሆን ከብት ሳይኖር በረት ማጠር ነው ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀን። ጓደኞቹ ሣቁ። እሱ ግን አልሣቀም። እኛም የሚያጠግብ መልስ ሳንሰጠው ተሰነባበትን። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሳችን ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወዴት እንደሚመደብ ለሚያስብ ወጣት ሁሉም ሳይጠቅም አይቀርም ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ አባትየው ያሉት ነገር ከተራ ቀልድ የሚቆጠር አለመሆኑን መግለጽ ይገባናል። ከሆመቾ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው በስተታች የሚያገኘው የጊቤን ወንዝ ነው። ጊቤም ወርዶ ኦሞ ይባላል፤ ኦሞም ወደ ደቡብ ተጉዞ መውጫ ከሌለው ከቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በስተምሥራቅ ያለው ብላቴም ቢሆን መድረሻው አባያ ሐይቅ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የተወለደ ልጅ እግሩን የነከረበት ውሃ አንዱም ከባሕር አይደርስም ማለት ነው። ልጁ ባሕርን ለማየት ቢፈልግ ወንዙን ተከትሎ መሄድ አይበቃውም፤ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ያም መንገድ ሙያ ነው።

የሐድያ ልጅ የጻፈችው የባሕር ደብዳቤ

ይሁን እንጂ የሐድያ ምድርና የባሕር ነገር ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው ማለት አይቻልም። የታሪክ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ ንግሥት እሌኒ የሐድያው ገዥ ልጅ ነበሩ። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ሕፃን ሳሉ መንግሥቱን በሞግዚትነት ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ ይኸውም በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ ማቴዎስ በተባለ መልእክተኛ እጅ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። መልእክተኛው በሕንድ አገር በኩል ዞሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1514 ከሊዝበን ደረሰ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር በቀይ ባሕር ላይ የጋራ ኃይል ይቋቋም የሚል ነበር። ንግሥቲቱ በምድር ላይ ሠራዊትና ስንቅ እንዳላቸው ገልጸው፣ በባሕር ላይ ግን ኃይል እንደሌላቸው አልሸሸጉም። የፖርቱጋል መርከቦችም በ1520 መልእክተኞችን ይዘው ምፅዋ ደረሱ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ለመመካት አይደለም። ከንግሥት እሌኒ አሳብ ውስጥ አንድ ነገር እንዲታይልን ስለምንፈልግ ነው። መርከቡ የውጭ፣ መሪው የውጭ፣ መድፈኛውም የውጭ ሰው እንዲሆን የታሰበ ነበር። ከዚህች አገር የሚጠበቀው እህልና እግረኛ ብቻ ነበር። የባሕሩ ጥቅም ገብቶን ነበር፤ የባሕሩ ሙያ ግን በእጃችን አልነበረም። ይህ ጉድለት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ከደጋ የተጀመረ የባሕር ትምህርት

ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋናው ጦር ሰፈር ምፅዋ ሆነ። መኮንኖችን የሚያሠለጥነው የባሕር ኃይል ኮሌጅ አሥመራ ላይ ተከፈተ፤ ትምህርቱም 52 ወር ይፈጅ ነበር። ባለሌላ ማዕረግ መርከበኞችና የቴክኒክ ሠራተኞች ደግሞ ምፅዋ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ሆሳዕናም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ የባሕር መኮንንነት ትምህርት የተሰጠው ከሆሳዕናም ይልቅ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህ ለሚያስተውል ሰው ትልቅ ምስክር ነው። የባሕር ትምህርት መጀመሪያ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የካርታ ንባብና የእጅ ሥራ ትምህርት ነው። ባሕር ዳር መወለድ ይረዳ ይሆናል፤ ግዴታ ግን አይደለም። መዋኘት የማይችለው ይማራል። የባሕር ሕመም የሚያንገላታውም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀን ተንገላቶ ይለምደዋል።

ለቴክኒክ ሠልጣኙ ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። የመርከብ ሞተር በመኪና ላይ እንዳለው ሞተር ሲበላሽ ከመንገድ ዳር አቁመው የሚጠግኑት አይደለም። መርከብ ከወደብ ከራቀ በኋላ ጋራዡም፣ የመለዋወጫ መደብሩም፣ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱም፣ የውሃ አገልግሎቱም፣ የእሳት አደጋ ብርጌዱም እዚያው መርከቡ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የመርከብ መካኒክ ስለ ሞተር ብቻ አውቆ አይበቃውም። መብራት የሚያመነጨውን ጀኔሬተር፣ የባሕርን ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ውሃ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ሰርጎ የገባ ውሃ የሚያስወጣውን ፖምፓ ሁሉ ማወቅ አለበት።

ጨዉም ሌላ ጠላት ነው። የባሕር ውሃ ብረትን ይበላል። ብልሐተኞች ይህን ለመከላከል ከመርከቡ ሆድ ላይ የዚንክ ቁራጮች ይገጥማሉ፤ ጨዉም ብረቱን ትቶ ዚንኩን ይበላል። ዚንኩ ሲያልቅ ይለወጣል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝም የባሕር ውሃ በቀጥታ ከሞተሩ ውስጥ እንዲገባ አይደረግም። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ያንን ንጹሕ ውሃ ደግሞ በሌላ ቧንቧ የሚያልፈው የባሕር ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ሁለቱ ውሆች ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይገናኙም። በመካከላቸው ያለች አንዲት ጓርኒሲዮን ብትበላሽ ጨዉ ሾልኮ ሞተሩን ማጥፋት ይጀምራል። እንግዲህ ያች ጓርኒሲዮን ከመበላሸቷ በፊት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የቴክኒክ ሥልጠና ማለት ይህንን ሰው ማዘጋጀት ነው።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በጥር 1954 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ኃይሉ ትልቋን መርከቡን ተረከበ። ይህች መርከብ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ሆና «ኦርካ» ትባል ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጥር 1936 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረች ሲሆን፣ ሥራዋም በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥገና እየሰጡ መርዳት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዘመቻ ላይ ተካፍላለች። ለኢትዮጵያ ስትሰጥ ስሟ ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይሉም ዋና መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች።

ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ የጎኗ ስፋት ከ12 ሜትር በላይ ነበር። በናፍጣ ሞተሮች የሚዞሩ ሁለት ዘንጎች ነበሯት፤ ጉልበቷም 6,000 የፈረስ ጉልበት ይደርስ ነበር። በሰዓት 18 የባሕር ማይል፣ በምድር ልክ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር። ይህ ፍጥነት በየብስ ላይ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በሺህ ቶን የሚቆጠር ብረት ከ200 በላይ ሰዎችን ተሸክሞ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ በዚህ ፍጥነት መጓዙን ማሰብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምደባ

አሁን አንድ ወጣት በአሳባችን እንከተል። የምንናገረው ስለ አንድ የታወቀ ሰው አይደለም፤ በየአገሩ ባሕር ኃይል የተለመደውን ሥርዓት ለማስረዳት ያህል ነው። ከሆመቾ ወይም ከሌላ የደጋ ከተማ ወጥቶ፣ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ስሙ ወደ ጦር መርከብ ከተመደቡት ጋር ተጠርቷል እንበል። ልብሱ ነጭ ነው፤ ጫማው ያበራል፤ ለቤተሰቡ የሚልከውን ፎቶግራፍም ተነሥቷል። በልቡ «እንግዲህ ባለሙያ ሆንሁ» ይላል።

መርከቡ ላይ በወጣ ጊዜ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከምደባ ሰሌዳው ላይ ስሙን ይፈልጋል። ሰሌዳውም የት እንደሚተኛ፣ በየትኛው ሰዓት ተረኛ እንደሚሆን፣ እሳት ሲነሣ የት እንደሚቆም፣ ውጊያ ሲሆን የት እንደሚገኝ፣ መርከቡን ለቅቆ መውጣት ግድ ሲሆን በየትኛው ጀልባ እንደሚገባ ይነግረዋል። ከዚያም ወረቀትና እርሳስ ይሰጠዋል። የናፍጣውን፣ የዘይቱንና የውሃውን ቧንቧዎች ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው እየተከተለ፣ ወለል ለወለል እየተሳበ፣ በእጁ እንዲሥል ይታዘዛል። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተሣለው ሥዕል እዚህ በጨለማ ጥግ ይደበቃል፤ ግድግዳ ይበሳል፤ ካልተጠበቀ ቦታ ብቅ ይላል። ወጣቱ መብራት ቢጠፋ እንኳ እያንዳንዱን መዝጊያ በእጁ ዳብሶ ማግኘት እስኪችል ድረስ ብቻውን ተረኛ ሊሆን አይፈቀድለትም።

ተራው በደረሰ ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት ይቆማል፤ ስምንት ሰዓት ያርፋል፤ እንደገና ይመለሳል። ምፅዋ ከዓለም ሞቃት ወደቦች አንዷ ናት። የሞተር ክፍሉ ሙቀት ደግሞ ከውጭው ይብሳል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ሰው ለሰው በቃል መነጋገር ስለማይችል በእጅ ምልክት ይግባባል። ወጣቱ በየሰዓቱ የዘይቱን ግፊትና የውሃውን ሙቀት አንብቦ በመዝገብ ይጽፋል። ብዙው ሥራ ይኸው ነው፤ ማንበብና መጻፍ።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ፈተናው ይመጣል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘይት ግፊቱ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል። ወጣቱ ዓይኑን ይጠራጠራል። አለቃውን ቢቀሰቅስ ምናልባት በከንቱ ቀሰቀሰኝ ይለው ይሆናል። ባይቀሰቅስ ዘይት ያጣ ኩሽኔታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ይቆማል። መዝገቡ ላይ ካለፈው ሰዓት ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ጽፎ ማለፍም ይቻላል፤ በዚያች ሰዓት ማንም አያይም። የቴክኒክ ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያየውን ቁጥር የሚጽፍ፣ የተጠራጠረውን ነገር ደፍሮ የሚናገር ሰው የመርከቡ ሰው ሆነ። ያላየውን የጻፈ ግን የምስክር ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ገና አልተመደበም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህ ነገር የመርከብ ብቻ አለመሆኑን ሳይረዱት አይቀሩም። በመዝገብ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመንገድ ሥራ ላይም የዘይት ግፊት አለ፤ የሚወርድበትም ሌሊት አለ።

የውጭ አገሩ አስተማሪ ሲሰናበት

የመጀመሪያው ምደባ ትርጉም ለወጣቱ ብቻ አልነበረም። ለአገሩም ነበር። የኖርዌይ አስተማሪ ከተማሪው አጠገብ ቆሞ መዝጊያውን ሲያሳየው መርከቡ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ቢይዝም ሙያው ገና የሌላ ነው። ተማሪው ብቻውን ተረኛ በሆነበት ሌሊት ግን አስተማሪው አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ ቀረበ። እንዲህ እያለ በየክፍሉ አንድ በአንድ ሲተካ፣ ንግሥት እሌኒ ከሩቅ አገር የለመኑት ነገር በአገር ልጆች እጅ ገባ ማለት ይቻላል። በምፅዋ በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል በዓል ላይ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች እየመጡ ይቆሙ በነበረ ጊዜ፣ እንግዶቹን የምትቀበለው «ኢትዮጵያ» በኢትዮጵያውያን እጅ የምትንቀሳቀስ መርከብ ነበረች።

መርከቧ ስትሄድ

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። የአሜሪካን ዕርዳታ የሶቪየት ኅብረት ተካው፤ መርከቦቹም ተለወጡ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋር ባሕሩን ተሻግራ ወደ የመን ሸሸች። እዚያም ቆይታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃ መንግሥት ሆነች። ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ።

የሆመቾው አባት «ከብት ሳይኖር በረት» ያሉት ይህን ሁሉ አይተው ከሆነ አንፈርድባቸውም። አንድ ሰው ወጣትነቱን የሰጠባት መርከብ በኪሎ ተመዝና ስትሸጥ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከየመን ወደብ ላይ የተሸጠው ብረቱ ነው። ቧንቧውን እየተከተለ በእጁ የሣለው ሰው ዕውቀቱን ከብረቱ ጋር አልሸጠም። ናፍጣ ሞተር በወፍጮ ቤትም፣ በፋብሪካም፣ በሆስፒታል ጀኔሬተርም አንድ ነው። ካቻቢቴና መፍቻ ይዞ የሚያየው ሰው እስካለ ድረስ ሙያው ወደብ አያጣም። የጊቤ ውሃ ራሱ ከባሕር ባይደርስም ሥራ አላጣም። ወርዶ ኦሞ በተባለበት ቦታ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተማረው ስለ ጀኔሬተር ከሆነ፣ ያን ግድብ ፈጽሞ እንደ ባዕድ አያየውም።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ባሕር አለመኖር ባሕረኛን አላጠፋም። ቦሊቪያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ከቺሊ ጋር ባደረገችው ጦርነት የባሕር ዳርቻዋን አጣች። ሆኖም ዛሬ በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ የሚሠራ ባሕር ኃይል አላት። በአገራችንም በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅት ወደቦቹ ከሄዱ በኋላ እንኳ ሥራውን አላቋረጠም። በባሕር ዳር ከተማ በተከፈተው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቆች የመርከብ መሐንዲስነት ተምረው በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ ተመድበዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተገለጸ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሣይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ሲፈረም የባሕር ኃይሉ ነገር አብሮ ተካተተ።

ለሆመቾው ወጣት

እንግዲህ ወንድማችን፣ መልሳችን ይህ ነው። አባትህ የተናገሩት እውነት አለበት። ሥልጠናህን ስትጨርስ ነጭ ቀለም የተቀባች የጦር መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች ብለን ልንሸነግልህ አንፈልግም። ምናልባት የመጀመሪያዋ መርከብህ የሌላ አገር ዕቃ ጫኝ መርከብ ትሆናለች፤ ምናልባትም በሐይቅ ላይ የምትሠራ ትንሽ ጀልባ። ይህን አውቀህ ግባ። ለልብሱና ለፎቶግራፉ ብለህ ከሆነ ግን አትግባ።

ስለ ሙያው ብለህ ከሆነ ግን ሂድ። ሒሳብህንና ፊዚክስህን አጥብቀህ ያዝ። እንግሊዝኛህንም አትናቅ፤ የሞተር መጻሕፍት አብዛኛዎቹ በዚያ ቋንቋ ናቸው። ክረምት ሲሆን ከወፍጮ ቤቱ ባለሙያ ዘንድ እየሄድህ ቡሎንና ዳዶ ማጥበቅን ተለማመድ፤ ቢያባርርህም ተመልሰህ ሂድ።

አባትህንም ስለ እንሰቱ አንሥተህ አነጋግራቸው። እንሰት እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅ እርሳቸው ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ሳይደርስ የቆረጠው ቤተሰብ ቆጮ አያገኝም። ደርሶ የተፋቀው ግን ከጉድጓድ ገብቶ ለክፉ ቀን ይቆያል። ድርቅ ሲመጣ ብዙ ቤት የዳነው ቀድሞ በተተከለው ነው። የቴክኒክ ሙያም እንዲሁ ነው። የሚተከለው ዛሬ ነው፤ የሚበላበት ቀን ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

ከብት ሳይኖር በረት ማጠር በእርግጥ ሞኝነት ነው። እንሰት መትከል ግን ሞኝነት ነው ሲባል በሆመቾ ሰምተን አናውቅም።